የቶክሶ ወረርሽኝ ምንድን ነው? ድመቷን ተዉአትና ሮቶውን ክደኑ

ጠፍቶ ከርሞ ተመልሶ መጣ። «ከተማችን የቶክሶ ወረርሽኝ ገብቷል፤ ድመት ያለበት ቤት አትግቡ» የሚል ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ድሬዳዋ። ቶክሶ ማለት ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የአንዲት ነፍሰ ጡር የላብራቶሪ ወረቀት። አይጂጂ (ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል) ፖዘቲቭ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው! እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬም ተውሳክ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ስንቱን አይቼ አልፌአለሁ፤ ይቺን ግን ማለፍ አቃተኝ።

አይጂጂ ፖዘቲቭ ማለት ሴትየዋ በሕይወቷ አንድ ቀን ተውሳኩ አግኝቷታል ማለት ነው። አምና ይሁን በልጅነቷ፣ ወረቀቱ አይናገርም። በአገራችን ነፍሰ ጡሮች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ከግማሽ በላይ ፖዘቲቭ አግኝተዋል። ይህ በዓመታት የተጠራቀመ ነው። ወረርሽኝ የምንለው ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ምንጭ፣ እንደ አዲስ ሲያዝ ነው። ለዚያ አይጂኤም የሚባለው፣ ሰው አዲስ ሲያዝ ቀድሞ የሚወጣው ፀረ እንግዳ አካል ይታያል። እሱም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ስለሚቆይ ብቻውን አይታመንም። የቆየውን ከአዲሱ ለመለየት የሚረዳ አቪዲቲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱን ከጀመርኩ ግን ይመሽብኛል።

ደግሞስ «አትግቡ» ምን አመጣው? ቶክሶ ከሰው ወደ ሰው በመጠያየቅ አይተላለፍም። እናት ለጽንሷ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ አልፎ አልፎም በደምና በአካል ልገሳ ይተላለፋል። ቡና ተጠርቶ ሄዶ ቶክሶ የያዘው ሰው የለም።

ድመት የለችበትም አላልኩም። ተውሳኩን እንደ ባቡር አስቡት። ፍየል፣ በግ፣ ዶሮ፣ አይጥ፣ ሰው ሁሉ ጣቢያ ነው፤ ይወርድበትና ሥጋው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። የሚነሣበት ለገሃሬ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የድመት ዘር አንጀት። ኦኦሲስት የሚባለውን፣ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ዘር የሚያወጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ይህ ለገሃሬ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። አንዲት ድመት ብዙውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ፣ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ነው የምታወጣው። ያኔ በሚሊዮን ታወጣለች። የወጣውም ባቡር ወዲያው አይሄድም። ከ1 እስከ 5 ቀን ውጭ ካልቆየ ሰው አይዝም። ሐዲዱም የድመቷ ፀጉር አይደለም፤ አፈር፣ ጎርፍና ውሃ ነው። ስለዚህ ድመት ማሻሸት እዚህ ግባ የሚባል አደጋ የለውም።

ሐረሮች ሁሌም ስለ ጅቡ ይጠይቁኛል። ጅብ የድመት ዘር አይደለም። በኬንያ፣ ማሳይ ማራ ውስጥ፣ ተውሳኩ የያዛቸው ጅቦች ተገኝተዋል። ቢሆንም ጅብ ጣቢያ ነው እንጂ ለገሃሬ አይደለም። ሌላ ክስ ካለበት ለብቻው ይታይለት።

እውነተኛው ወረርሽኝ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. 1995፣ ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ከተማ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ነበረው፤ ማጣሪያ ግን አልነበረውም። ክሎሪን ደግሞ ኦኦሲስትን አይገድለውም። በሽታው የተገኘበት 100 ሰው ነበር፤ የተያዘው ሕዝብ ግን ከ2,894 እስከ 7,718 እንደሚደርስ ተገመተ። በ2001 መጨረሻ ብራዚል ውስጥ፣ ሳንታ ኢዛቤል ዶ ኢቫይ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንዲት ድመት ከነልጆቿ የውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ኑሮ መሥርታ ተገኘች። በ2018 ደግሞ እዚያው ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ፣ በመቶዎች ተያዙ፤ እዚያም ዋናው ተጠርጣሪ ውሃው ነበር። እነዚህን ሰዎች ያገናኛቸው ድመት ማሳደጋቸው አይደለም። ቧንቧቸው ነው።

እንዲህ ያለው እኛ ጋ ቢመጣ ቶሎ እናውቀዋለን ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። አብዛኛው የተያዘ ሰው ምንም አይሰማውም። ከተሰማውም ትኩሳት፣ ድካምና የአንገት ንፍፊት ነው። በእኛ አገር የአንገት ንፍፊት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ልክም ነው። ምልክቱ ደግሞ ውሃው ከተጠጣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ናሙና ሲወሰድ ያ ውሃ ከሄደ ቆይቷል። ናሙናው ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ውሃው ነፃ ነበር ማለት አይደለም።

የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ያውቀዋል። ጥልቅ ጉድጓድን አፈሩ ራሱ ያጣራዋል። ጣጣው የሚጀምረው ውሃ ሲጠፋና ስናጠራቅም ነው። ክዳኑ በፀሐይ ተሰንጥቆ በድንጋይ የተያዘ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ፣ ድመት በሚመላለስበት። እሱን ክደኑት። የምትጠጡትን አፍሉት፤ ሙቀት ይገድለዋል።

ከቀፊራ ገበያ የገዛችሁትን ሰላጣ አቼቶ ውስጥ መንከር ተውሳኩን አይገድልም። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያራግፈዋል። በጥሬ ሥጋ በኩል፣ ሰው ሁሉ የሚጮኸው በበሬው ቁርጥ ላይ ነው። ለቶክሶ ግን ከበሬ ይልቅ በግና ፍየል ያሳስቡኛል፤ ስለዚህ ለብለብ ዱለት የምታዝዝ ነፍሰ ጡር ካለች በደንብ ይብሰልላት። (በሬው ሌላ ጉድ አለው፤ ኮሶ። እሱ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።) ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው መድኃኒት ታዞለት ከሆነ በራሱ እንዳያቋርጥ። የመድኃኒቱ አንዱ ሥራ ይህን ተውሳክ አንጎል ላይ እንዳይነሣ መያዝ ነው።

ድመቷንስ? የበሰለ አብሏት። ዓይነ ምድሯ በየቀኑ ይጠረግ፤ ገና አንድ ቀን ስላልሞላው አይዝም። የምትጠርገው ግን ነፍሰ ጡሯ አትሁን፤ ባልየው ይነሣ።