ቫይረሱ በደሟ ያለ ሴት እና የወሊድ መቆጣጠሪያ፦ የሚወራው እና እውነታው

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ስለ እርግዝና ስታነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሟት የሚደርሰው የሰፈር ወሬ ነው። በብዛት የሚሰሙት እነዚህ ናቸው።

«የወሊድ መቆጣጠሪያ ከኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር አይስማማም»

ይህ ወሬ መነሻ አለው። ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉበት የወሊድ መቆጣጠሪያውን ሆርሞን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ እንክብሉና ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ፖስት ፒልም አቅማቸው ይቀንሳል። ክንዳቸው ላይ አስቀብረው ያረገዙ ሴቶች የነበሩት ለዚህ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ግን ዶሉቴግራቪር ያለበት ነው፤ እሱ ይህን ችግር አያመጣም። የሦስት ወሩ መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ።

የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም እንደ ኤፋቪሬንዝ ሆርሞን ያዳክማል።

ብዙ ቦታ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት የኤ አር ቲ ክፍልና የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ለየብቻ ናቸው። አንዱ ያዘዘውን ሌላው ላያውቅ ይችላል። እባክሽ የመድኃኒትሽን ዕቃ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሁለቱም አሳዪ። በራስሽ ግን አንዱንም አታቋርጪ።

«ኮንዶም ካለ ሌላ ምን ያደርጋል?»

ኮንዶም ከአባላዘር በሽታ ይከላከላል፤ አትተዪው። ግን ሰው በተለምዶ በሚጠቀምበት መንገድ፣ በዓመት ከ100 ሴቶች 13ቱ ገደማ ያረግዛሉ። በክንድ የሚቀበረውን (ኤፋቪሬንዝ ወይም ሪፋምፒሲን ሳይወስዱ) ወይም ሉፕ ከሚጠቀሙ ግን አንድም አይሞሉም። ኮንዶምን ከሌላ መቆጣጠሪያ ጋር አጣምሮ መጠቀም ይሻላል።

«መርፌው በሽታውን ያባብሳል»

አያባብስም። ባልሽ እንዳይያዝ የሚወስነውም መርፌው ሳይሆን የቫይረሱ መጠን ነው። መድኃኒትሽን በአግባቡ ወስደሽ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም።

«ሉፕ ለእሷ አይሆንም»

ጤናዋ የተስተካከለ ከሆነ ይሆናል። ሕመሙ የጠናባት ሴት ግን እስክትሻሻል ብትጠብቅ ይመረጣል።

«እሷማ መውለድ የለባትም፤ ለዘለቄታው ትዘጋ»

ይህን ስሰማ በጣም ያመኛል። ያለ ሕክምና ቫይረሱ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናትየው መድኃኒቷን ከወሰደች፣ ጡት እያጠባችም ቢሆን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። መውለድም አለመውለድም የእሷ ውሳኔ ነው፤ ማንም አስገድዶ ሊያስዘጋት አይችልም። መውለድ ስትፈልግ በክንድ የሚቀበረውም ሆነ ሉፑ በወጣ ማግስት ልታረግዝ ትችላለች። መርፌው ግን ካቆመች በኋላ ወራት ሊያስጠብቃት ስለሚችል ቀደም ብላ ታቁም፤ የቫይረሱ መጠን መውረዱንም አስቀድማ ታረጋግጥ።