«የወንድሜን ግንባር ቀባሁ፣ በያማ ደጃፍ እሾህ ወደቀ»

አባባሉ የቤንጋሊኛ ነው። በቋንቋው «ባይየር ኮፓሌ ዲላም ፎንታ፣ ጆሜር ዱዋሬ ፖርሎ ካንታ» ይላል፤ ቤት ይመታል። ምሥራቅ ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ፣ ኮልካታ ከተማና አካባቢው ያሉ ሂንዱ እህቶች በዓመት አንድ ቀን ወንድማቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ይሉታል። በዓሉ ባይ ፎንታ ይባላል። ሰሜን ሕንድ ባይ ዱጅ፣ ኔፓል ደግሞ ባይ ቲካ ይሉታል። ዲዋሊ ከሚባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል በኋላ ብዙ ሳይቆይ ስለሚውል በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ወይም ኅዳር መግቢያ ላይ ይገጥማል።

ያማ የሞት አምላክ ነው። ጎሽ ይጋልባል፣ ነፍስ የሚያስርበት ገመድም ይይዛል። እሾሁን ገጠር ያደገ ሰው ሳይነግሩት ይገባዋል፤ የበረት በር ማታ በእሾህ ቅርንጫፍ ይዘጋ የለ? ግን ልብ በሉ፣ እሾሁ የወደቀው ያማ ደጅ ላይ ነው። እህት የራሷን ቤት ትታ የሞትን ቤት አጠረች። ወንድሟ እዚያ እንዳይገባ! ይሄ ድፍረቷ ነው አባባሉን ያስወደደኝ።

ቀጣዩ ስንኝ መነሻውን ራሱ ይናገራል፦ «ያሙና ያማን ትቀባለች፣ እኔም ወንድሜን እቀባለሁ»። ያማና ያሙና የፀሐይ አምላክ የሱርያ መንታ ልጆች ናቸው። ያሙና ያቺው ወንዟ ናት፤ ከሂማላያ ተነስታ በዴልሂ፣ በማቱራና በአግራ አልፋ ከጋንጅስ የምትገናኘው። እንደ ትረካው ከሆነ «ቤቴ መጥተህ ብላ» እያለች ወንድሟን ስትለምን ኖራለች። እሱ ሥራ አይለቀውም። የሞት ሥራ መቼ ያልቅና!

አንድ ቀን ግን ቆም ብሎ አሰበ። ነፍስ የምወስደውን እኔን ማን ቤቱ ይጠራኛል? ሰው ሁሉ ይሸሸኛል፣ እሷ ግን ና ትለኛለች። ሲኦል ያሉትን ነፍሳት ለቀቀና ሄደ። ያሙና ግንባሩን ቀባችው፣ ጥሩ አድርጋ አበላችው። ደስ አለውና «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላት። በየዓመቱ በዚህ ቀን እንዲመጣላት ጠየቀች። በዚሁ ዕለት እህቱ ቀብታ ያበላችው ወንድም ደግሞ ያማን እንዳይፈራ። እሺ አላት። ማቱራ ቪሽራም ጋት በሚባለው የወንዝ ዳር ዛሬም በዚያ ቀን ወንድምና እህት አብረው ይታጠባሉ።

በዓሉን ከሌላው የሂንዱ አምላክ ከክሪሽናና ከእህቱ ከሱባድራ ጋር የሚያያይዙም አሉ። አባባሉ ግን የያሙና ነው።

ቤንጋል ውስጥ እህት ቀብታ እስክትጨርስ እህል አትቀምስም። የሰንደል እንጨት ልቁጥ ታዘጋጅና በግራ እጇ ትንሿ ጣት የወንድሟን ግንባር ትነካለች። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቴ ነው፣ ስንኙን እያለች። ከዚያ ጥሬ ሩዝና የሰርዶ ሣር ራሱ ላይ ታደርጋለች። ቀንድ አውጣ ዛጎል ይነፋል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። እውነተኛ እልልታ፤ እነሱ ኡሉ ይሉታል። ታናሽ የታላቁን እግር ይነካል፣ ስጦታ ይለዋወጣሉ፣ ጣፋጩ ይቀርባል። የዚያን ቀን ጣፋጭ ቤት ወረፋው አይጣል ነው።

ከራኪ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ራኪ ክረምት ላይ ነው፤ እህት የወንድሟ አንጓ ላይ ክር ታስራለች፣ እሱ ሊጠብቃት ቃል ይገባል። ባይ ፎንታ ላይ ጠባቂዋ እሷ ናት። «ወንድሜ ጋሻዬ» ማለት ለለመደ ሰው ትንሽ ግልባጭ ይመስላል። ጋሻውን የያዘችው የቤቱ ልጅ፣ ያውም በትንሿ ጣቷ።

«ለእኛስ እሾሁን ማን ይጥልልናል?» የሚሉ ሴቶች መነሳታቸው ታዲያ አይገርምም። አሁን አሁን በአንዳንድ ቤት ወንድምም እህቱን ይቀባል። እህትማማቾችም እርስ በርስ ይቀባባሉ። ስሙንም ቦን ፎንታ፣ የእህት ቅብ፣ ብለውታል።