የማስተጋባት ጊዜ ምንድን ነው?

ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንዴ ብታጨበጭቡ ድምፁ ወዲያው አይጠፋም። ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይቆያል። ምንጩ ዝም ካለ በኋላ ድምፁ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እስኪወርድ፣ ማለትም ጉልበቱ ወደ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪያንስ የሚፈጀው ጊዜ የማስተጋባት ጊዜ ይባላል።

ይህን ወደ ሒሳብ የለወጠው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. አዲሱ የፎግ ሙዚየም አዳራሽ ንግግር አላሰማ አለ፤ አንድ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ እየቆየ በሚቀጥለው ላይ ይደረብ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት እዚያው ሃርቫርድ ካለው ሳንደርስ ቲያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ ይለካ ጀመር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ትራሱ ደግሞ ሳይነጋ መመለስ አለበት! ለዓመታት ለፍቶ ያገኘው ቀመር ግን አንድ መስመር ነው፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ያዙ፣ በ0.161 አባዙ፣ ክፍሉ በሚመጥጠው መጠን አካፍሉ። የመምጠጥ መለኪያው በካሬ ሜትር የተሰፈረ ክፍት መስኮት ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስማ።

እስቲ እንሞክረው። ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 8፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ የሲሚንቶና የሴራሚክ አዳራሽ አለን እንበል። ይዘቱ 320 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 304 ካሬ ሜትር ነው። ገጹ ከሚያርፍበት ድምፅ 3 በመቶውን ብቻ ቢመጥጥ፣ 9 ካሬ ሜትር ገደማ መስኮት እንደመክፈት ነው። መልሱ 5.6 ሰከንድ ይሆናል። ለንግግር ግን 1 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚፈለገው። 40 ሰው ሲገባ፣ እያንዳንዱ 0.45 ካሬ ሜትር ቢቆጠርለት፣ ወደ 1.9 ይወርዳል።

ቀመሩ ውስጥ የስፒከር ጉልበት የሚባል ነገር እንደሌለ ልብ በሉ። እኛ ግን «አይሰማም» ሲባል ቀድመን የምንነካው ቮልዩሙን ነው። ድምፁ ይጮሃል እንጂ አይጠራም። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ይሻላል።

ቀመሩ ጉድለት አለው። አዳራሻችን ከላይ እስከ ታች ክፍት መስኮት ቢሆን ማስተጋባት ዜሮ መሆን ነበረበት፤ ሳቢን ግን 0.17 ሰከንድ ይሰጠናል። ይህን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል አይሪንግ በ1930 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር አስተካክሎታል። የክፍሉን ቅርጽና መጋረጃው የተሰቀለበትን ቦታ ግን ሁለቱም ቀመሮች አያዩም። ለዚያ ዛሬ ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠሩ የድምፅ ጨረሮችን እየተከተለ ያሰላል።