ኮሮና፣ የረጋ ደምና ልብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሮና ይዞት ሆስፒታል የተኛ ሰው ባለበት ቤት ስለ ደም መርጋትና ስለ ልብ ወሬ አይጠፋም። ጥቂቱን እናጥራ።

«ኮሮና የሳንባ በሽታ ነው፤ ከደም ምን አገናኘው?»

ቫይረሱ የሚገባው በመተንፈሻ አካል ነው። ጣጣው ግን እዚያ አያበቃም። ሰውነት ሲቆጣ የደም ሥሮች የውስጥ ገጽ ይጎዳል፤ ደም ቶሎ ይረጋል። ታማሚው ቀኑን ሙሉ ስለሚተኛም የእግሩ ደም ዝውውር ይቀዘቅዛል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድስ ውስጥ ፅኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 184 የኮሮና ታማሚዎች ሲታዩ፣ 31 በመቶው የደም መርጋት ችግር ገጥሟቸው ነበር። ያውም ሁሉም መከላከያ መድኃኒት እየወሰዱ!

«ደም ከረጋ ይታወቀኛል»

ሁሌም አይደለም። አንዳንዱ ሰው አንድ ባቱ ብቻ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲረግጥ ያመዋል። ሌላው ምንም ሳይሰማው የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባው ላይ ይሰካል። ኮሮና ላይ ደግሞ ነገሩ ይምታታል፤ ታማሚው ቀድሞውኑ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ እየተሻለው የነበረ ሰው ድንገት ኦክስጅኑ ካሽቆለቆለ ወይም ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚጠረጥሩት አንዱ ይህ ነው።

«ዲ-ዳይመር ከፍ ካለ ደም ረግቷል»

አይ። ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቁርጥራጭ ነው። እርግዝናም፣ ዕድሜም፣ ቀዶ ሕክምናም፣ ራሱ ኢንፌክሽኑም ከፍ ያደርገዋል። የሚያረጋግጠው አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ነው።

«ትሮፖኒን ጨመረ ማለት የልብ ደም ሥር ተዘጋ ማለት ነው»

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ የሚለውም የልብ ጡንቻ ተጎድቷል ብቻ ነው። ምክንያቱ የኦክስጅን እጥረት፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት ወይም ሳንባ ላይ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቀላል ምልክት አይደለም። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ከታዩ 416 የሆስፒታል ታማሚዎች ከ5ቱ የአንዱ ገደማ ልብ ተጎድቶ ነበር፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሞተዋል።

«አስፕሪን ልጀምር»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሆስፒታል በተኙ ወደ 15,000 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም፤ በ28 ቀን ውስጥ አስፕሪን ከወሰዱትም ካልወሰዱትም 17 በመቶ ሞተዋል። ደም መፍሰስ ግን ትንሽ ጨምሯል። ሐኪም ለልብ ያዘዘለት ሰው ግን በራሱ አያቋርጥ።

«ሄፓሪን በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በ2021 የወጡ ጥናቶች ያሳዩት ለየት ያለ ነገር ነው። ከፍ ያለው መጠን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ላልገቡት ጠቅሟል፤ በጣም ለጠናባቸው ግን አልረዳም።

«ከሆስፒታል ወጣሁ፣ አበቃ»

ስዊድን ውስጥ ኮሮና የያዛቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠንተው ነበር። የእግር ደም መርጋት ስጋቱ እስከ 3 ወር፣ የሳንባው እስከ 6 ወር ከፍ ብሎ ቆይቷል። ስለዚህ ቤት ከገባችሁ ከሳምንታት በኋላም አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ «መተኛት ስላበዛሁ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን ታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።