የድምፃዊ ምስላዊ ማንነት ምንድን ነው?

ድምፃዊው ለሕዝብ የሚያወጣቸው ምስሎች በሙሉ፣ ከአልበም ሽፋን እስከ ኮንሰርት ፖስተርና ቲሸርት፣ ስሙ ሳይነበብ የእርሱ መሆናቸውን የሚያሳውቁበት ወጥ መልክ ምስላዊ ማንነት ይባላል። ብዙዎች ሎጎ ማሠራት ይመስላቸዋል። ሎጎ አንዱ ክፍል ነው፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ ቅርፅ፣ የፎቶግራፉ ብርሃን፣ ባዶ የሚተወው ቦታ ሁሉ ይቆጠራል።

እንግሊዛዊው ድምፃዊ ኤድ ሺራን ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ስሙ የመደመር ምልክት፣ ሽፋኑ ብርቱካናማ ነበር። በ2014 ማባዣ በአረንጓዴ፣ በ2017 ማካፈያ በሰማያዊ፣ በ2021 እኩል ይሆናል በቀይ፣ በ2023 መቀነሻ በቢጫ ተከታተሉ። ምልክቱም ቀለሙም በየጊዜው ተለውጧል። ደንቡ ግን በእነዚህ አምስት አልበሞች ሳይነካ ቆየ፦ ለአንድ አልበም አንድ ምልክት፣ አንድ ቀለም። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ማካፈያ ያየ አድናቂ ሌላ ጽሑፍ አላስፈለገውም። አንድን ፎቶ አሥር ቦታ መለጠፍን ወጥነት የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

በአማርኛ የሚዘፍን ሰው ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ፖስተሩ ላይ በግዕዝ፣ ሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ ላይ ብዙ ጊዜ በላቲን። አብዛኞቹ የላቲን ፎንቶች (የኮምፒውተር የፊደል ንድፎች) የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ዲዛይነሩ ስሙን በአማርኛ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ወይ ባዶ ሣጥን ያሳየዋል፣ ወይ ያገኘውን ሌላ ፎንት ይተካለታል። ከላይ ወፍራም የላቲን ስም፣ ከሥሩ ቀጭንና ከእርሱ ጋር የማይዛመድ አማርኛ ይወጣል። የሚሻለው ስሙን በሁለቱም ፊደል አንድ ጊዜ በእጅ አስነድፎ እንደ ምስል ማስቀመጥ ነው። ንድፉም ትልቅ ስክሪን ላይ ብቻ አይጽደቅ። ስልክ ላይ በዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ የአልበም ሽፋን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ «ሐ» እና «ጨ»ን የመሳሰሉ ባለ ሦስት እግር ፊደላት እግራቸው ከተጠጋጋ እዚያ ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ።

ቀለምም በቃል አይተላለፍም። «ቀይ አድርጉት» የተባለ ማተሚያ ቤት የራሱን ቀይ ያትማል። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ሲሆን ማተሚያ ግን ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያደባልቃል። ስልክ ላይ የሚያበራው ብርቱካናማ፣ ባነር ላይ ሲታተም የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ የስክሪኑም የኅትመቱም የቀለም ቁጥሮች ከስሙ ንድፍና ከጥቂት የፎቶ ናሙናዎች ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ ገጹም ለኮንሰርት አዘጋጁ፣ ለክሊፕ ዳይሬክተሩና ማኅበራዊ ገጾቹን ለሚያስተዳድረው ሰው ይላካል። ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ዲዛይነር አላቸው፤ መልኩ የሚዘበራረቀውም እዚያ ላይ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር እመክራለሁ፦ ፖስተሩን በመጨረሻ የሚያጸድቀው ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ስፖንሰሩ «ሎጎዬ ይተልቅ»፣ አዘጋጁ «ወርቃማ ይሁን»፣ ጓደኛው «ፎቶው ይቀየር» እያሉ ገጹን ሳይከፍቱት ኅትመቱ ይወጣል።