«ገባችሁ?» «አዎ!»፦ ስለ ሪፍሌክሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሪፍሌክሽን ማለት እንዴት እንዳስተማርኩ መጻፍ ነው»

ሪፍሌክሽን የመምህርነት ሰልጣኝ ካስተማረ በኋላ ትምህርቱን መለስ ብሎ እያሰበ የሚጽፈው ነው። እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ፣ ስለ ራሴ አስተማማር ብቻ መጻፍ። ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ሄዶ የማስተማር ልምምድ) ወጥቼ 5ኛ ክፍል የክፍልፋይ መደመር ካስተማርኩ በኋላ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ስለ ድምፄ፣ ስለ ሰዓት አጠቃቀሜ፣ ስለ ሰሌዳ ጽሑፌ። አንድም ተማሪ የለበትም።

ማታ ደብተር ሳርም አንዱ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሏል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ። ኤክስ ላደርግበት ብዬ ተውኩትና በማግስቱ «እንዴት ሠራኸው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ 1 ከ2 እና 1 ከ3 ባገኝ፣ ሲደመር 2 ከ5 አይደል?»

መልስ አጣሁ። ማርክ ሲደመር እኮ ልክ እንደዛ ነው! ፈተና ላይ የጥያቄዎቹ ብዛትም አብሮ ይደመራል። እዚህ ግን ግማሹም ሲሶውም የአንድ እንጀራ ነው። «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ብጨምርልህ ከግማሽ ያንሳል?» ስለው ሳቀ። 2/5 ከግማሽ ያንሳላ። ክብ ሥለን 6 ቦታ ከፈልን። ግማሹ 3፣ ሲሶው 2። «5 ከ6!» አለ፣ እኔ ሳልነግረው።

«አዎ ካሉ ገብቷቸዋል»

60 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ሲል ደስ ይላል። ያ ልጅም ከእነሱ ጋር ጮኋል። እኔ ደግሞ ጠይቄ ትንፋሽ እንኳን አልሰጠኋቸውም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘም አለ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። 3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሰሌዳ ፊት ቆመህ ስትቆጥረው ግን አያልቅም።

«ማይክሮ ቲቺንግ ላይ ኤ ያገኘ ክፍል ውስጥ አይቸገርም»

ማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም ክፍል ከመግባታችን በፊት አጭር ትምህርት አስተምረን የምንለማመድበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ጥሩ ልምምድ ነው። ችግሩ፣ ተማሪ መስለው የሚቀመጡልን የራሳችን ጓደኞች ናቸው። የትኛው ጓደኛዬ ነው 2/5 የሚለኝ?

«ድክመትህን ከጻፍክ ማርክህ ይቀንሳል»

ይሄ እንኳን እንደ አራሚው ነው። ግን «ዝግጅት ይጎድለኛል» ብሎ ራስን መውቀስም ብዙ አይረዳም። ዝግጅት አልጎደለኝም። የጎደለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ከመፈለጋችን በፊት «ድምሩ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ መጠየቅ።

ሪፍሌክሽኑን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የልጁን ስሌት፣ እሱ ያለኝን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀውን። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ሜንተሬ (ልምምዴን የሚከታተለው መምህር) ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየና «ይሄው ነው?» አለኝ።