«ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል» እና ሌሎች እኛን እናቶችን የሚያጎብጡ ወሬዎች

መጀመሪያ አሜሪካ የሄድኩት በ64 ዓመቴ ነው። ልጄ ወልዳ ነበር። ቦሌ ደርሼ አንዱ ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 29 ኪሎ ሆነ። የሚፈቀደው ደግሞ 23 ነው። ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየኝ የጎረቤቴን ሽሮ ከቀሚሴ ስር መዘዝኩ። የማላውቀው ሰው በርበሬም ወጣ። ለሁለተኛው ጉዞ ስዘጋጅ የራሴን ዕቃ ብቻ ለይቼ መዘንኩት። 9 ኪሎ አልሞላም። ያን ጊዜ ወገቤን የቆረጠኝ ሌላው ሁሉ የሰው ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ መሄጃዋ የደረሰ እናት ሁሉ ትጠይቀኛለች። ሁሉም የሚያነሱት ነገር ተመሳሳይ ነው።

«ሁለት ሻንጣ ከተፈቀደ አለመሙላት ሞኝነት ነው»

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ በተራው መደብ ሲኬድ የተለመደው ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ። የእርስዎን ከቲኬቱ ላይ ያረጋግጡ። ግን ይህ ጣሪያው ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን 4 እና 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ምንም ሳይገባበት ማለት ነው። ደግሞ ሌላ ከተማ የሚቀጥሉ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በሚያርፉበት የአሜሪካ ኤርፖርት ሻንጣዎን ራስዎ ተቀብለው፣ ጉምሩክ አልፈው፣ መልሰው ማስረከብ አለብዎት። ከ13 ሰዓት በላይ ተቀምጠው፣ እግርዎ አብጦ፣ የሚዞረውን ሻንጣ ማን ያወርድልዎታል? የኔ መለኪያ አልጋዬ ናት። ብቻዬን አንስቼ አልጋዬ ላይ ካላስቀመጥኩት፣ የሆነ ነገር ይወጣል።

«እዚያ ምን ይገኛል ብለሽ ነው?»

የዋሽንግተን አካባቢን ለሚያውቅ ይህ ያስቃል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሐበሻ መደብር ሞልቷል። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምጥን በርበሬው መደርደሪያ ላይ ነው። እውነት ነው፣ የቤት በርበሬ የቤት ነው። እኔም ሁለት ኪሎ አስገባለሁ፤ አልዋሽም። አስር ኪሎ ግን ለምን?

አንድ ነገር ልብ በሉ። በርበሬና ሽሮ ዱቄት ናቸው። ወደ አሜሪካ ሲበሩ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ቦርሳ ከያዙ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። ቡና ችግር የለውም፤ የተቆላውም ጥሬውም ይገባል (ጥሬው ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ብቻ አይገባም)። ቋንጣ ግን ይቅር። ሥጋ ነው፤ ደረቀም አልደረቀም ይወስዱታል። ምግብ ይዘው «አልያዝኩም» ማለት ደግሞ ያስቀጣል። የያዙትን ከተናገሩ ግን ቢበዛ ዕቃውን ነው የሚያጡት።

«በዚህ ዕድሜ ብርድ አልችልም፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ልያዝ»

ቤቱ ይሞቃል። ብርዱ ያለው ከበር እስከ መኪና ነው። ካፖርት ከልጅ ቁም ሳጥን አይጠፋም። እኔ ለሦስት ወር አራት ቀሚስ፣ ሁለት ሹራብ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ የሐበሻ ቀሚስ ይዤ ሄጄ አልጎደለብኝም፤ ማሽኑ ያጥባል፣ ያደርቃል። ከሁሉም የጠቀመኝ ነጠላዬ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ተከናነብኩት፣ አጣጥፌ ተንተራስኩት፣ እሑድ ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወፍራሙን ሹራብና ከባዱን ጫማ ደግሞ ለብሰው ይሂዱ፤ የለበሱትን ማንም አይመዝንም።

«መድኃኒቱ ከልብሱ ጋር ይታሸግ»

በፍጹም። የግፊቱም የስኳሩም መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዛል። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ኢንሱሊን ደግሞ ታች ከተጫነ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። ፈሳሽ መድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ነፃ ነው፤ ለፈታሹ ማሳየት ብቻ ነው።

«ዊልቸር ያስከፍላል፤ ምርኩዝም እንደ ሻንጣ ይቆጠራል»

ሁለቱም ውሸት። ዊልቸሩን ቲኬት ሲቆረጥ ማስመዝገብ ነው። መሄድ የሚያቅታቸው ብቻ አይደሉም የሚጠይቁት፤ ቋንቋው የሚያስፈራን ብዙዎቻችን በእሱ ነው የምናልፈው።

«አደራ አልቀበልም ማለት ነውር ነው»

ዋናው ሸክም ይሄ ነው። ልትሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር በሩ ይንኳኳል። «ትንሽ ነገር ናት» ይባላል። በፕላስተር ዙሪያዋን ተጠቅልላለች፤ ውስጧ አይታይም። ኤርፖርት ላይ ደግሞ «ሻንጣውን ራስዎ ነው ያሸጉት? ከሰው የተቀበሉት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሻንጣው በስምዎ ነው የተመዘገበው። የተገኘው ሁሉ የእርስዎ ነው። የምታምኗት ጎረቤት እንኳ ያሸገችው ራስዋ ላትሆን ትችላለች።

አሁን ቀድሜ አስነግራለሁ፦ ከመሄዴ ሳምንት ቀድሞ የደረሰ፣ ከግማሽ ኪሎ ያልበለጠ፣ ያልታሸገ። እኔ አይቼ እኔው አሽገዋለሁ። አንዷ ጎረቤቴ በዚህ አኮረፈችኝ። እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም። ስመለስ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጄ ታረቅን።

ባለፈው ጉዞዬ አንድ ሻንጣ፣ 17 ኪሎ ይዤ ደረስኩ። ልጄ ስማኝ ሳትጨርስ ከኋላዬ ታያለች። «እማዬ፣ ሌላው ሻንጣሽ የታለ?» መልሴን እንኳ አልጠበቀችም። የጠፋ ሻንጣ ወደሚጠየቅበት መስኮት መሄድ ስትጀምር ሮጬ እጅዋን ያዝኳት።